የዲከረንስ ከሰል ሳያጨስና ቶሎ ሳያልቅ እንዴት ይነዳል?

እንጅባራ ለሥራ ተመድቤ ስመጣ ከሰል ማያያዝ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ ስንቴ አራግቤያለሁ! ግን ማራገብና ማያያዝ ለየቅል ናቸው። ይህን ያወቅሁት በነሐሴ ዝናብ፣ ብቻዬን በተከራየሁት ቤት፣ ለአንድ ስኒ ሻይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰፈሩን ካጨስኩ በኋላ ነው።

በኛ አካባቢ ገበያ ላይ የሚገኘው ከሰል በብዛት የዲከረንስ ነው። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። እዚሁ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ገበሬው ማሳው ላይ ይተክለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ያቆየዋል፣ ቆርጦ እዚያው ያከስለዋል። ከዚያ መሬቱን መልሶ እህል ይዘራበታል። ከቡሬ ወደ ዳንግላ በመኪና ያለፈ ሰው መንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል የተሞላ ማዳበሪያ ሳያይ አይቀርም።

ክፉ ከሰል አይደለም። ግን ከቆላ ግራር ከሰል ጋር ሳስተያየው ለስለስ፣ ቀለል ይልብኛል። ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ያልቃል። በደንብ ያልከሰለ ከሆነ ደግሞ ዓይን ያወጣል። ስለዚህ አያያዙን ማወቅ ይጠይቃል።

ስትገዙ

ማዳበሪያው አፍ ላይ ያለው ከሰል ሁልጊዜ ያምራል። እዚያ የተቀመጠው ስለሚያምር ነው። እጃችሁን በጎን ሰዳችሁ ከመሃል አውጡ። ሻጯ ፊቷን ካጠቆረች «እታለም፣ መሃሉን ልየው ብዬ ነው» በሏት። ጥሩ ከሰል የያዘች አትከለክልም።

ሁለት ከሰል አጋጩ። በደንብ የከሰለው እንደ ሸክላ ይጮሃል። ያልከሰለው ድምፁ እንደ እንጨት ድፍን ነው። ሰብራችሁም እዩት። ውስጡ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ውሰዱ። ቡናማ ነገር ካያችሁ ግማሹ ገና እንጨት ነው፣ ጭሱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ውሃ እየገዛችሁ ነው። እኔ በሐምሌ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ውሃ ገዝቼ አውቃለሁ። ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት የተረዳሁት ቤት ገብቼ ስዘረግፈው ነው።

ከሰል እርጥበት ከአየርም ይስባል። ስለዚህ ማዳበሪያውን በቀጥታ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ሁለት ድንጋይና አንድ ጣውላ ይበቃዋል። ለነገ የሚነደውን ደግሞ ዛሬ ከምድጃው አጠገብ፣ እሳት በማይደርስበት ርቀት፣ ዘርግታችሁ አሳድሩ።

መስበርና ማበጠር

በዶሮ እንቁላል መጠን ስበሩት። ዱቄቱን በወንፊት ለዩ። ዱቄት በከሰሉ መሃል ገብቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። አትጣሉት ግን። ከትንሽ ጭቃ ጋር ለውሳችሁ፣ አድቦልቡላችሁ፣ ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ሽሮ ለማንተክተክ ይሆናል።

ምድጃው

ሙሉ በሙሉ ከቆርቆሮ የተሠራውን ምድጃ እኔ አልወደውም። ሙቀቱ ግማሹ ለድስቱ፣ ግማሹ ለጉልበቴ ነው። ውስጡ ሸክላ፣ ውጭው ቆርቆሮ የሆነው «ላቀች» ይሻላል። ጂኮ የተባለውን የኬንያ የከሰል ምድጃ መነሻ አድርጎ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በእኛ አቆጣጠር የተዘጋጀ ነው፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ይባልለታል። በኔ ቤትም ልዩነቱ ማዳበሪያው የሚቆይበት ቀን ላይ ታይቷል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚሉት ከሰል ገዝተው የማያውቁ ናቸው።

የፈለገው ዓይነት ይሁን፣ ከማያያዛችሁ በፊት የትናንቱን አመድ ጠርጉ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ ውጉ። ይህን የምለው ለጽዳት ብዬ አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በአንድ ቀዳዳ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቀዳዳዎቹ ግማሾቹ በአመድ ከተደፈኑ እሳቱ ታፍኖ ያጨሳል። እኛም ከሰሉን እንረግማለን።

ማያያዝ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ብዙዎቻችን ከሥር ነው የምናያይዘው። ወረቀት ወይም ጭራሮ ከታች፣ ከሰል ከላይ፣ ከዚያ ክብሪት፣ ከዚያ ማራገብ። እኔም እንዲያ ነበር የማደርገው። ችግሩ ይህ ነው። ከታች ያለው ሲሞቅ በደንብ ያልከሰለው ክፍል ጭስ ይተፋል። ጭሱ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለው ከሰል ቀዝቃዛ ስለሆነ ጭሱን የሚያቃጥለው ነገር አያገኝም። ስለዚህ እንዳለ ወጥቶ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ጭስ ማለት ደግሞ ያልነደደ ነዳጅ ነው። ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ነው በጣሪያ የሚወጣው።

አከራዬ እትየ (ስማቸውን ልተወው፣ አይወዱም) አንድ ቀን በዚያ ጭስ ውስጥ ሲያገኙኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ሁነህ ነው? ቤቱን ልታጥነው ነው?» አሉኝ። ምድጃውን ነጥቀው ሁሉንም ገለበጡት። ከዚያ ገልብጠው ሠሩት። እሳቱን ከላይ።

እንዲህ ነው። ትልልቁን ከሰል ከታች ደርድሩ። በመሃሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር፣ አትጠቅጥቁት። መካከለኛውን ከላይ አድርጉ። አናቱ ላይ ጭብጥ የምታህል ጎድጓዳ ቦታ ተዉ። ከዚያ ጎድጓዳው ውስጥ ፍም ጨምሩ። እንጀራ የተጋገረበት ቀን ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ከምጣዱ ሥር ሦስት አራት ፍም መጫር ይበቃል። ፍም ከሌለ በጣት ውፍረት የተሰነጠቀ ደረቅ ጭራሮ አነባብሩና ለኩሱት። በላዩ ላይ አምስት ስድስት ትንንሽ ከሰል ጣል አድርጉበት። የታችኛውን የአየር በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት።

አሁን ከታች የሚነሣው ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያገኘው ፍም ነው። በፍሙ መሃል ሲያልፍ እዚያው ይነዳል። እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህ የእትየ ብቻ ጥበብ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለስላሳውን የድንጋይ ከሰል ቤታቸው የሚያነዱ ሰዎች አሉ። ያ ከሰል ሲሞቅ ጭስ የሚሆን ነገር በብዛት ያወጣል፣ ከኛው ያልከሰለ ከሰል የባሰ ነው። እዚያም ጭሱን ለመቀነስ ለሕዝቡ የተሰጠው ምክር ይኸው ነው፣ ከላይ ለኩሱ። ስሙን በዙሉ ቋንቋ «ባሳ እንጄንጎ ማጎጎ» ብለውታል። እሳትን እንደ አያትህ አንድድ እንደማለት ነው። ይህን ለእትየ ስነግራቸው አልገረማቸውም። «ታዲያ እንደ ማን ሊነድ ኑሯል?» አሉ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ጊዜ ይወስዳል። እኔ ጋ እስከ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። እንግዳ ተቀምጦ ቡና እየጠበቀ ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። ለማፍጠን ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ቆርቆሮ፣ ክንድ የማይሞላ ቁመት ያለው፣ ከፍሙ ላይ አቁሙ። እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ አየሩን ከሥር ይስበዋል። እኔ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሁለቱንም አፉን አስቆርጬ ነው የምጠቀመው። ስታነሱት በጨርቅ ያዙት።

ማራገብ? ፍሙ ከያዘ በኋላ ትንሽ ብታራግቡ ግድ የለም። ሲጀምር ግን ማራገብ አመድ ከማብነንና ከሰሉን ከማንጣጣት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ነጭ ጋዝ የሚያርከፈክፍ ሰውም አይገባኝም። አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ቡናው ሦስተኛው ድረስ ጋዝ ጋዝ ይል ነበር። ፌስታል ማቃጠሉን ጨርሶ ተዉት፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ ቢሆንም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር።

ወደ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በመጀመሪያው ክረምቴ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሰሌ በደንብ ነዶ ነጭ አመድ ለብሷል፣ ጭስ የሚባል የለውም። ጭስ ከሌለው ምን ችግር አለው ብዬ መኝታ ቤት አስገባሁት። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ወተፍኩ፣ ተኛሁ።

ሌሊት ስነቃ ጭንቅላቴ ለሁለት የሚሰነጠቅ መሰለኝ። ልነሣ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። እትየ ደጅ ተደፍቼ አገኙኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አቅለሸለሸኝ። እኔ ተርፌያለሁ፣ በዚህ መንገድ ተኝተው የቀሩ ግን ብዙ ናቸው።

ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ፍሙ ላይ አንዳንዴ የምታዩት ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። ነበልባሉ ጠፋ ማለት ግን ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጭስ የሌለው ከሰልም ይገድላል። እኔ የተሸወድኩት እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ምድጃው ባለበት ክፍል በርና መስኮት ይከፈት። የሚነድ ከሰል ይዞ መተኛት በፍጹም አይሆንም፣ አመድ የለበሰም ቢሆን። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ውጡ። ንጹሕ አየር አግኙ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና። እንቅልፍ ነው ብሎ መልሶ መጋደም የለም።

ሲያንስ መጨመር

አዲስ ከሰል ፍሙ አናት ላይ አትከምሩ። እሳቱን ያፍነዋል፣ ጭሱም እንደገና ይጀምራል። ፍሙን በመቆስቆሻ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጉና አዲሱን በባዶው ጎን ጨምሩ። ጎን ለጎን ይሁኑ። ከአዲሱ የሚነሣውን ጭስ ክፍት የሆነው ፍም ይበላዋል፣ አዲሱም ቀስ ብሎ ከጎኑ ይያያዛል። ትንሽ ትንሽ፣ በየጊዜው። እኔ ስንፍና ሲይዘኝ አንድ ጊዜ እሞላዋለሁ፣ ሁልጊዜም እጸጸታለሁ።

ድስቱ ሲፈላ የአየሩን በር ግማሽ ድረስ ገርበብ አድርጉት። ወጥ ለመንተክተክ ኃይለኛ እሳት አይፈልግም። ለስላሳ ከሰል ያለቀበት ሰው ብዙውን ጊዜ በሩን ከፍቶ የረሳ ነው።

ስትጨርሱ

የተረፈውን ፍም በውሃ አታጥፉ። እኔ አጥፍቼ የላቀቼ ሸክላ ከአፍ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ እንፋሎቱም እጄን ልጦኛል። ፍሙን በመቆንጠጫ አንሥታችሁ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ጨምሩና ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ዕቃው እስኪቀዘቅዝ ደጅ ይደር፣ ያ ጋዝ አሁንም አለና። በማግስቱ የምታገኙት ከሰል ከአዲሱ ቀድሞ የሚያያዝ ነው። እኔ ከላይ የምጥላቸው ትንንሾቹ ከዚያ ነው የሚመጡት።

የድሮ ሰው እንደሚያደርገው ፍሙን በአመድ ዳፍኖ ለጠዋት ማቆየትም ይቻላል። ግን ማንም በማይተኛበት፣ ነፋስ በሚያገኝ ማድ ቤት ብቻ።

አመዱን ወዲያው አትድፉ። ጎረቤቴ ቀዝቅዟል ብሎ በማዳበሪያ አድርጎ አጥሩ ሥር አስቀመጠው። ውስጡ ረመጥ ነበረበት። ሌሊት አጥሩን ስናጠፋ ነው ያደርነው።