ለቤት ኔትወርክ የሚሆን አነስተኛ ራክ አመራረጥ፦ ከከፍታው በፊት ጥልቀቱን ይለኩ

ለቤቱ አነስተኛ ራክ፣ ማለትም የኔትወርክ ዕቃዎች የሚታሰሩበት የብረት ካቢኔት፣ የሚፈልግ ሰው ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዩ ይሁንልዎ?» ተብሎ ነው፤ ዩ የራክ ከፍታ መለኪያ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም የሚገባው ግን እሱ አይደለም። ከፍታው ቢጎድል አንዱን ዕቃ ወደ ጎን ግድግዳ ወይም ወደ መደርደሪያ ማዛወር ይቻላል፤ ጥልቀቱ ከጎደለ ግን በሩ አይዘጋም፣ ገመዱ ተጣጥፎ ይጎዳል፣ በመጨረሻም ካቢኔቱን እንዳለ ከመለወጥ በቀር መፍትሔ አይኖርም።

በቅድሚያ ልኮቹን መለየት ይጠቅማል። «19 ኢንች» የሚባለው ስፋት የዕቃው የፊት ገጽ ከነመግጠሚያ ጆሮዎቹ የሚይዘው 482.6 ሚሊ ሜትር ነው እንጂ የካቢኔቱ የውጭ ስፋት አይደለም፤ ካቢኔቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ550 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። አንድ ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ከፍታ ነው፤ ስለሆነም የ9 ዩ ራክ ለዕቃ የሚሰጠው ከፍታ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጣሪያውና ወለሉ ሲጨመሩ የውጭ ከፍታው ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ከዚህ ሌላ ባለ 10 ኢንች የሚባል ጠባብ ራክ አለ፤ የፊት ገጹ 254 ሚሊ ሜትር ነው። ለአንድ ባለ 8 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ዕቃዎችን እርስ በርስ ለሚያገናኘው ዕቃ፣ እንዲሁም ከክፍሎቹ የሚመጡት ገመዶች ለሚያርፉበት አነስተኛ ፓች ፓነል ይበቃል፤ ሆኖም ባለ 24 ፖርት ስዊችም ሆነ በራክ የሚገጠም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) አይገባበትም። ወደፊት የካሜራ መቅጃ ለመጨመር የሚያስብ ቤተሰብ ይህን ባይገዛው እመርጣለሁ።

ወደ ጥልቀቱ እንመለስ። በራኩ ውስጥ ከሚገቡት ዕቃዎች ሁሉ ጥልቁን ይምረጡና ከፊት ገጹ እስከ ጀርባው ይለኩት። በዚህ ላይ ከበስተጀርባ ለኃይል ገመዱ ሶኬትና ለመታጠፊያው ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት ለፊት ደግሞ በፖርቶቹ ላይ ለሚሰካው ገመድ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምሩ። የፊቱን ክፍተት ብዙዎች ይዘነጉታል። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ከውፍረቱ አራት እጥፍ ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ ስለሌለበት፣ ከመስታወቱ በር ጋር እየተጋፋ የሚታጠፍ ገመድ ውሎ አድሮ ችግር ያመጣል። ለምሳሌ የስዊቹ ጥልቀት 250 ሚሊ ሜትር ቢሆን አጠቃላይ ፍላጎቱ 400 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ባለ 450 ሚሊ ሜትር ካቢኔት ይበቃዋል። ጥልቀቱ 400 ሚሊ ሜትር የሆነ ዩፒኤስ ከተጨመረ ግን ባለ 600ውን መውሰድ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ሻጩ የሚነግርዎት ቁጥር የውጭውን ጥልቀት ነው። ዕቃው የሚታሰርባቸው ቋሚ ሐዲዶች ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስለሚቆሙ፣ ከሐዲዱ እስከ ጀርባው ያለውን በሜትር ለክተው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። ሐዲዶቹ ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀሱ ከሆኑ ለምርጫው ትልቅ ብልጫ ይሰጡታል።

የከፍታው ስሌት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጂ+1 ቤት እንውሰድ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የፋይበር መስመር ገብቶለታል፣ ክፍሎቹ በኔትወርክ ገመድ ተያይዘዋል፣ በግቢውም ስድስት ካሜራዎች አሉ። ለፓች ፓነል 1 ዩ፣ ለገመድ ማስተካከያ 1 ዩ፣ በኔትወርክ ገመዱ ለካሜራዎቹ ኃይል ለሚሰጠው ስዊች 1 ዩ፣ የፋይበር ሞደሙና ራውተሩ ለሚቀመጡበት መደርደሪያ 2 ዩ፣ ለካሜራ መቅጃው 2 ዩ፣ ለኃይል ማከፋፈያው 1 ዩ ብንይዝ 8 ዩ ይሆናል። ባለ 9 ዩ ቢገዛ አንድ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ የዋጋው ልዩነት ብዙ ካልሆነ ግን 12 ዩ የተሻለ ነው። በዚህ ስሌት ዩፒኤሱን ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ ከባዱ እሱ በመሆኑ፣ ራኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ከሥሩ ወለሉ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

የግድግዳው ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አብዛኛው ቤታችን የሚሠራው ውስጡ ባዶ በሆነ ብሎኬት ነው፤ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር በብሎኬቱ ባዶ ክፍል ላይ ሲያርፍ የሚጨብጠው ነገር ስለማያገኝ፣ ከጊዜ በኋላ እየላላ ይመጣል። ዕቃ የተሞላ ባለ 9 ዩ ካቢኔት 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ከዚህም በላይ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ክብደቱ ከግድግዳው ርቆ ስለሚንጠለጠል የላይኛዎቹን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚስብበት ኃይል ያድጋል። ስለዚህ ከተቻለ የኮንክሪት ኮለን ወይም ቢም ያለበትን ቦታ ይምረጡ። ካልተገኘ፣ ግድግዳውን አልፎ በሌላው ወገን በብረት ሳህን የሚታሰር ረጅም ብሎን አስተማማኝ ነው። ክፍሉ በቺፑድ ወይም በጂፕሰም የተከፈለ ከሆነ ግን መስቀሉን ይተዉትና ወለል ላይ የሚቆም ራክ ይግዙ።

ሙቀትን በተመለከተ የዕቃዎቹን የዋት መጠን መደመር ያስፈልጋል፤ የሚበሉት ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊችና መቅጃ በድምሩ ከ60 እስከ 80 ዋት ቢወስዱ፣ በተዘጋ ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ቀንና ሌሊት የበራ አምፖል እንደማስቀመጥ ነው። በገመዱ አልፎ ለካሜራዎቹ የሚሄደው ኃይል ግን አብዛኛው ሙቀቱን የሚያወጣው ካሜራዎቹ ዘንድ ስለሆነ እዚህ መደመር የለበትም። አዲስ አበባ አየሯ ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚያስወጣው ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ይሆናል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። ስለዚህ የመስታወት በር ካማረዎት፣ ከታች አየር የሚያስገባ በስፖንጅ ማጣሪያ የተሸፈነ ክፍተት፣ ከላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያስወጣ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ የሚገጠምበት ጣሪያ ያለውን ይምረጡ። ትልቅ ማራገቢያ በዝግታ ሲዞር ከትንሹ ፈጣን ማራገቢያ ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ራኩ ከመኝታ ክፍል አጠገብ ከሆነ ይህ ልዩነት በሌሊት ይታወቃል።

ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ በብረት ካቢኔት ውስጥ መዝጋት አይገባም፤ ብረቱ ሞገዱን ያፍነዋል። የፋይበር ሞደሙ ራኩ ውስጥ ይቀመጥ፣ ዋይፋዩን ግን ከስዊቹ በገመድ ኃይል የሚያገኝና ኮርኒስ ላይ የሚገጠም ማሰራጫ ይስጥ። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ በሚመለከት፣ ከ30 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ እንዳይታጠፍና የበሩ ጠርዝ እንዳይጫነው ትርፉን በሰፊው ጠቅልሎ ማሰር ይበቃል።

ለኃይል ማከፋፈያው ትኩረት ይስጡ። ከውጭ የሚመጡት አንዳንዶቹ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሶኬት የተገጠመላቸው ስለሆኑ በእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ አይሠሩም፤ የብዙ ዩፒኤሶች መውጫ ደግሞ የኮምፒውተር ገመድ ዓይነት በመሆኑ፣ ማከፋፈያው በዚያ በኩል የሚሰካ መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። ካቢኔቱ ብረት ስለሆነ አካሉም በሩም ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ አለባቸው፤ የማያያዣ ብሎን የሌለውን ካቢኔት አይግዙ። የዩፒኤሱ የእርሳስ ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ወለል ላይ ይቀመጥ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

የቀረው የአሠራሩ ጥራት ነው። የጎን ሽፋኖቹ የሚነቀሉ፣ በሩ በግራም በቀኝም የሚገጠም፣ ገመድ ከላይም ከታችም የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለው የኤም 6 ብሎንና ነት አብሮ መሰጠቱን ይዩ። ጠባብ ቦታ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ዕቃዎቹን የያዘው የፊት ክፍሉ እንደ መስኮት የሚከፈተው ዓይነት ዋጋው ቢጨምርም ጀርባውን ለመድረስ ያስችላል። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ጥልቁን ዕቃዎን ወይም በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ይዘው ሱቅ ይሂዱ፤ የኔትወርክና የኃይል ገመዱን ከፊትና ከኋላ ሰክተው ካስገቡት በኋላ በሩ ሳይገፋ መዘጋቱን እዚያው ይሞክሩ።