የቤተሰብ ሀብት ስትቆጥሩ ዕቁቡን እንዳትረሱ
እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ደብተር ይዘን እንቀመጣለን። ያለንን በአንድ በኩል፣ ያለብንን በሌላው ጽፈን እንቀንሳለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቁብ ላይ ነው። ዕጣው ገና ካልወጣላችሁ እስካሁን የጣላችሁት ሀብታችሁ ነው፤ ከወጣላችሁ ግን የቀረው ክፍያ ዕዳ ነው። ብሩ እጅ ላይ ስላለ ያታልላል፣ እኛንም ሁለት ዓመት አታሎናል።

ከደመወዝ የሚቆረጠውን 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ድምሩ ውስጥ አታስገቡ። በ60 ዓመት በየወሩ የሚመጣ አበል እንጂ ዛሬ የሚወጣ ተቀማጭ አይደለም።

ለላሊበላ ጉዞ የምናጠራቅመውን በሌላ የባንክ ሒሳብ ለይተናል፤ ለእርጅና ከምናስቀምጠው ጋር አብሮ ሲቀመጥ ጉዞው የእርጅናውን ይበላዋል። የምንኖርበትን ቤትም ለብቻው ነው የምንጽፈው፣ ካልሸጥነው እንጀራ አይሆንማ!