አክሶሎትል ማሳደግ ምትፈልጉ ጅማዎች፣ እንስሳውን ገና አትግዙ

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ አኳሪየሙን ሲያይ "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ እጅ ያለው ዓሳ?" ይለኛል፣ ከዛ ጠጋ ብሎ ያየውና ሚስቅ ሚመስለው አፉ ያሸንፈዋል፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ "ለኔም ከየት ላምጣ?" ይጀምራል። መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ውሃውን አዘጋጁ፣ እንስሳው ወር ቆይቶ ይምጣ።

ዓሳ አይደለም በነገራችን ላይ፣ የእንቁራሪት ዘመድ ነው፣ ሰላማንደር ከሚባለው ወገን። አገሩ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለው የሶቺሚልኮ ሐይቅ ነው፣ እዛም ዱር ውስጥ የቀረው በጣም ጥቂት ነው። ከሌሎቹ ሰላማንደሮች ብዙዎቹ ሲያድጉ ጭንቅላታቸው ጎን ያለውን ላባ መሳይ ስንጥብ (ውሃ ውስጥ ሚተነፍሱበትን) ጥለው ወደ የብስ ይወጣሉ፣ እሱ ግን ልጅነቱን ሳይጨርስ እዛው ውሃ ውስጥ ያረጃል። እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፣ ስለዚህ ለአንደኛ ክፍል ልጅ መጫወቻ ብላችሁ ከገዛችሁት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ትሉን ምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ ሙቀት ነው ሚገድለው። "ጅማ እኮ ቀዝቃዛ ነች" ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው እንጂ የካቲትና መጋቢት ላይ ቀን ቆርቆሮው ስር ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እሱ ሚፈልገው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው፣ 20 ድረስ ይችላል፣ ከ22 ካለፈ ይጨነቃል፣ 24 ላይ ከቆየ ደግሞ በሽታ ይጀምረዋል። እኔ መጀመሪያ እንግዳ እንዲያየው ብዬ ሳሎን መስኮቱ ስር አስቀመጥኩት፣ በሦስተኛው ቀን የስንጥቡ ጫፍ ወደ ፊት እንደ ሜንጦ ታጥፎ ትል ሳቀርብለት ፊቱን አዞረብኝ፣ ቴርሞሜትሩን ሳየው 25! በዛው ቀን ጓዳ ገባ። የጓዳው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ፀሐይም አያገኘውም፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ የጠቀመኝ ያ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ለሙቀቱ ወር ሁለት ነገር አለ። አንዱ ትንሽ ቬንትሌተር ውሃው ላይ እንዲነፍስ አድርጎ ማቆም ነው፣ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል፣ ውሃው ግን ስለሚተን በየቀኑ ትሞላላችሁ። ሁለተኛው ሃይላንድ ነው፣ አንድ ሊትር ውሃ በፍሪዘር አቀዝቅዛችሁ ከነክዳኑ መክተት፣ ስታቀዘቅዙ ሞልታችሁ እንዳትዘጉት ይፈነዳል። ሂሳቡ ቆንጆ ነው፣ አንድ ሊትር በረዶ ሲቀልጥ 80 ሊትር ውሃን በግምት አንድ ዲግሪ ነው ሚያወርደው፣ ስለዚህ በአንድ ሃይላንድ ተአምር አትጠብቁ፣ ግን ደግሞ አራቱን ባንዴ ከታችሁ አታስደንግጡት፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ እያላችሁ አዟዙሩት። መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ሁሌም ሁለት የበረደ ትርፍ ይኑራችሁ።

አኳሪየሙ ለአንድ እንስሳ ከ75–80 ሊትር ቢያንስ፣ ከቁመቱ ይልቅ ወለሉ ሰፊ ይሁን። መስታወት ቤት ማሠራት ትችላላችሁ፣ ሲሊኮኑ ሻጋታ ሚከላከል መድኃኒት ያለበት እንዳይሆን ብቻ ጠይቁ፣ ከዛ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሙሉው ከመስታወቱ ጋር 100 ኪሎ ይጠጋል፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ እንዳታስቡት፣ እንኳን ለዚህ፣ ጅማ ውስጥ አናጢ ጠፍቶ አያውቅም፣ ጠንካራ ጠረጴዛ አሠሩ። ክዳንም ያስፈልጋል፣ ይዘላል።

ወለሉ ላይ ጠጠር አታድርጉ። አፉን ከፍቶ ከነውሃው ስቦ ነው ሚበላው፣ አፉ ሚያስገባውን ጠጠር ሁሉ ይውጣል አንጀቱም ይዘጋል፣ ወይ ደቃቅ አሸዋ ወይ ባዶ መስታወት። መደበቂያ ግን የግድ ነው፣ የዓይን ቆብ የለውም ብርሃን ይጠላል። የኔው የሚተኛው አንገቱ የተሰበረ ማሰሮ ውስጥ ነው፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ወጥ ያልነካው፣ ስባሪውን በድንጋይ ፈግፍጌ አለሰለስኩት፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ ሹል ነገር ይቆርጠዋል።

አሁን ያ ወር ለምን እንደሚያስፈልግ። እንስሳው ሲጸዳዳ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው፣ የውሃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ስፖንጅ ላይ ሚያድጉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ሌሎች ደግሞ ያንን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ ይሄኛው እስኪበዛ ድረስ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ስለዚህ ፊልተሩን አብርታችሁ ባዶው ውሃ ውስጥ በየቀኑ ቆንጥራችሁ የዓሳ ምግብ ጣሉ፣ እሱ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣችኋል። የውሃ መመርመሪያ ከአዲስ አበባ አስመጡ፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ ናይትሬት ብቻ ሲታይ ያኔ እንስሳው ይምጣ። ከዛ በኋላ በየሳምንቱ የውሃውን ሲሶ መቀየር ነው። ስፖንጁን ከራሱ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጭመቁት እንጂ ቧንቧ ስር እንዳታጥቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል፣ በረኪናማ ጭራሽ አታንሱብኝ። የቧንቧ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፣ ለውሃ መጥፊያም ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ዝናባችን ብዙ ነው ብላችሁ የጣራ ውሃ ብቻ አትጠቀሙ፣ ማዕድን የለውም።

ምግብ ላይ ጅማዎች እድለኞች ነን፣ ክረምት ላይ የመሬት ትል ከቡና ዛፍ ስር ዝም ብሎ መልቀም ነው፣ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ቦታ መሆኑን ግን እርግጠኛ ሁኑ። አጥባችሁ በወረንጦ አፉ ፊት ማወዛወዝ ነው፣ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ በማሽተትና በንቅናቄ ነው ሚያገኘው። ትንሹን በየቀኑ፣ ትልቁን በሁለት በሦስት ቀን አንዴ፣ የተረፈውን አውጡ። ጥሬ ሥጋ እንስጠው የሚል ወንድም አለኝ፣ እኛ ቁርጥ ወደድን ማለት እሱም ይወዳል ማለት አይደለም፣ የከብት ስብ አይፈጭለትም። ዓሳ አብሮ አታስገቡ፣ ስንጥቡን ይነክሱታል። ሁለት ትንንሾችም አንድ ላይ ከሆኑ እግር ይበላላሉ፣ የተበላው እግር ከነጣቱ መልሶ ይበቅላል፣ ቢሆንም ሆን ተብሎ ሚሞከር ነገር አይደለም።

ሌላ የውሃ ሰላማንደር ካሰባችሁ፣ ሆዳቸው ቀይ የሆኑት ትንንሾቹ ቆዳቸው ላይ መርዝ ስላለ ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትበሉ፣ ከአክሶሎትልም ጋር አይቀላቀሉም። ሰላማንደር አፍሪካ ውስጥ ከሞሮኮ እስከ ቱኒዚያ ካለው ሰሜን ውጪ የለም፣ ስለዚህ ሰለቸኝ ብላችሁ አዌቱ ወንዝ ወይ ቦዬ ረግረግ እንዳትለቁት፣ ምን ይዞ እንደሚገባ አታውቁም። አክሶሎትል የሳይተስ (የዱር እንስሳት ንግድን ሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ዝርዝር 2 ውስጥ ያለ እንስሳ ስለሆነ ከውጭ ሚያስገባላችሁን ሰው ወረቀቱን ጠይቁት።

ቆዳው ላይ ጥጥ መሳይ ነጭ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሙቀት ወይ ቆሻሻ ውሃ ነው ሚያመጣው። ክሎሪኑ በወጣለት ቀዝቃዛ ውሃ ንጹህ ባልዲ ሙሉና ለብቻው አድርጉት፣ ውሃውን በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፣ ባልዲው ሳሙና ነክቶት ማያውቅ ይሁን። የኔው አምስት ቀን ጓዳ ወለል ላይ ባልዲ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ በስድስተኛው ቀን ወረንጦውን ሳስጠጋ ትሉን ከነጫፉ ጎተተኝ።