ውድ ፔኒ ሲፈልጉና ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ፔኒ (የዶላር አንድ መቶኛ የሆነችው ሳንቲም) ያልተጠራቀመበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። መኪና ውስጥ አለ፣ የኩሽና መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ልጆቹ ገንዘብ በሚያጠራቅሙበት ጠርሙስ ውስጥም አለ። ፓርኪንግ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ግሮሰሪ ካሸር ሆነው የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ በየሺፍቱ እፍኝ እፍኙን ይቆጥሩታል። ከዚህ ሁሉ መሀል አልፎ አልፎ መቶ ዶላር፣ ከስንት አንዴ ደግሞ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ፔኒ ይገኛል። በ1947 ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ በተመለሰለት ዝርዝር ውስጥ አንድ የ1943 የመዳብ ፔኒ አገኘ። ያ ሳንቲም በ2019 በጨረታ 204,000 ዶላር ተሸጠ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ እንደማምነው ሺህ ዓይነት ልዩነት ከማሳደድ አምስት ስድስቱን ጥንቅቅ አድርጎ ማወቅ ይሻላል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ እውቀት ሳይኖር ከመቸኮል ነው።

«መታተም አቁሟል፣ ስለዚህ ሁሉም ይወደዳል» ማለት

ለገበያ የሚውለው የመጨረሻው ፔኒ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ፊላደልፊያ ውስጥ ታተመ። ምክንያቱ ወጪው ነው፤ አንዱን ፔኒ ለመሥራት 3.69 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው ወደ ጠርሙሱ ዞረ። ነገር ግን በሰው እጅ ያለው ፔኒ ወደ 300 ቢሊዮን ይገመታል። ተራ የ1990ዎቹ ፔኒ ዛሬም አንድ ሳንቲም ነው። ለልጅ ልጅ ቢያስቀምጡትም ብዙ አይጠብቁ።

ፊደል የሌለውን ሁሉ ብርቅ ማድረግ

ቲክቶክ ላይ በብዛት የሚዞረው ወሬ ይሄ ነው። ከዓመቱ ሥር ያለችው ትንሽ ፊደል ሳንቲሙ የት እንደታተመ ትናገራለች፤ «ዲ» ዴንቨር፣ «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮ። ፊላደልፊያ ግን ፔኒ ላይ ፊደል አያደርግም ነበር፤ አድርጎ የሚያውቀው በ2017 ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደል የሌላቸው ፔኒዎች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። የ1922ቱ ግን ለየት ይላል። በዚያ ዓመት ፔኒ ያተመው ዴንቨር ብቻ ስለሆነ «ዲ» የሌለበት በእርግጥ ተፈላጊ ነው። እሱንም ቢሆን ፊደሏን ፍቀው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ስላሉ በባለሙያ ሳያስመረምሩ ከሰው አይግዙ።

እጥፍ የመሰለውን ሁሉ «ደብልድ ዳይ» ብሎ መጥራት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም፣ ትልቁ ገንዘብ ያለውም እዚህ ነው።

ሳንቲም የሚታተመው ዳይ በሚባል የብረት ማኅተም ነው። ዱሮ ዳዩ ራሱ ሲሠራ ምስሉ የሚቀረጽበት ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ ነበር። በሁለተኛው ምት ትንሽ ዞር ካለ ጽሑፉ ተደርቦ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያ ዳይ ያተማቸው ሳንቲሞች ሁሉ ድርቡን ይዘው ይወጣሉ። ደብልድ ዳይ የሚባለው ይህ ነው። ዝነኛው የ1955ቱ ነው፤ ዓመቱም ጽሑፉም ያለ መነጽር እጥፍ ሆኖ ይታያል። ከ20,000 በላይ የሚሆኑት ገበያ የገቡ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የወጡት በሲጋራ መሸጫ ማሽኖች በኩል ነው። የፓኮው ዋጋ 23 ሳንቲም ስለነበር ለኳርተሩ (ለ25 ሳንቲሙ) መልስ የሚሆኑ ሁለት ፔኒዎች ከፓኮው ጋር ይታሸጉ ነበር። ይህ ፔኒ ያገለገለም ቢሆን ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። የ1972ቱም ጥሩ ዋጋ አለው። የ1995ቱ ደግሞ «ሊበርቲ» የሚለው ቃል ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በብዛት ስለሚገኝ ግን ዋጋው በአሥር ቤት የሚቆጠር ዶላር ነው።

ሌላው ድርብ ከማሽኑ የሚመጣ ነው። ዳዩ ላልቶ ሲንቀጠቀጥ የታተመውን ፊደል ገፋ ያደርገዋል። ይሄ ዋጋ የለውም። ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። በእውነተኛው ደብልድ ዳይ ፊደሉ ወፍሮ ይታያል፤ ሁለቱም መስመሮች ሞላ ያሉ ናቸው፤ ጫፉ ላይም ስንጥቅ የመሰለ ነገር አለ። ማሽኑ በፈጠረው ግን ከፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ደረጃ ነው ያለው፤ ፊደሉ ራሱ ቀጥኗል።

የ1969 «ኤስ» ፔኒ ደግሞ ጥሩ መለያ አለው። በዚያ ዘመን የከተማዋ ፊደል ለብቻዋ በእጅ ነበር ዳዩ ላይ የምትመታው። ስለዚህ ዓመቱና ጽሑፉ ተደርበው «ኤስ»ዋ ነጠላ ከሆነች ልብዎ ይምታ፤ በሺዎች፣ ጥሩ ይዞታ ላይ ካለ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል። «ኤስ»ዋም አብራ ከተደረበች ማሽኑ ያመጣው ነው፤ መልሰው ጠርሙሱ ውስጥ ይክተቱት።

ማግኔትና ሚዛን ሳይዙ መፍረድ

በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒ የተሠራው ዚንክ ከተቀባ ብረት ነበር። በስህተት ከመዳብ የታተሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዴንቨር ያተመው አንድ ፔኒ በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህን የሰማ ሁሉ መዳብ የመሰለ 1943 ሲያይ ይደነግጣል። መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ነገሩ አለቀ። ካልሳበው ይመዝኑት፤ 3.11 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። ይህንንም ካለፈ «3»ቷን ደህና አድርገው ይዩ። የ1948 ፔኒ «8» ተቆርጦ «3» የሚደረግበት ማጭበርበር የቆየ ነው።

የ1982 ፔኒ ደግሞ ያለ ሚዛን አይታወቅም። በዚያ ዓመት ከመዳብ ወደ ዚንክ ተቀየረ። የመዳቡ 3.1፣ የዚንኩ 2.5 ግራም ይመዝናል። በዚያ ላይ ዓመቱ በትልቅና በትንሽ ቁጥር ታትሟል፤ የትልቁ ቁጥሮች ወፈር ብለው ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። ሰባት ዓይነት ጥምረት ብቻ ነበር የሚታወቀው። በ2016 ግን ይኖራል ያልተባለ ስምንተኛ ብቅ አለ፤ ዴንቨር፣ ትንሽ ቁጥር፣ መዳብ። በ2017 በጨረታ 18,800 ዶላር ወጣለት። ስለዚህ «ዲ» ያለበትና ትንሽ ቁጥር የሆነ የ1982 ፔኒ ሲያገኙ ሳይመዝኑ አይለፉት። 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን ውድ አይደለም።

ማጠብ

እባካችሁ አትጠቡ! ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ አንዴ ከተሠራ መመለሻ የለውምና። በሎሚና በጨው የታሸ ፔኒ አዲስ ይመስላል፤ ዓይኑ ለለመደ ሰው ግን ሐምራዊ ወይም ብርቱካናማ የሆነ ያልተለመደ ቀለም ያለው፣ ቆዳው የተገፈፈ ሳንቲም ነው። ሰብሳቢዎች መዳብን በቀለሙ ይመድቡታል፤ ቀይ፣ ቀይ ቡናማ፣ ቡናማ። ተፈጥሯዊው ቡናማ ነውር የለበትም። ነውር ያለበት የታጠበው ነው፤ ዋጋው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። በጨርቅም አይወልውሉት። በጠርዙ ይያዙት፣ ካርቶን መያዣ ውስጥ ያስቀምጡት። ለስላሳውና ሽታ ያለው የፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ጉዳትን የማተሚያ ስህተት ነው ማለት

ከ1982 ወዲህ ያሉት ፔኒዎች ዚንክ ላይ ስስ መዳብ የተለበጡ ስለሆኑ ላያቸው ላይ እብጠት ይወጣል። ያ ተራ ነገር ነው። ልብስ ማድረቂያ ውስጥ ሲሽከረከር የከረመ ፔኒም ጠርዙ ተጠቅልሎ ለየት ያለ ይመስላል። መኪና የረገጠውም እንዲሁ።

የተጠየቀውን ዋጋ እንደተሸጠ ማየት

ኢቤይ ላይ ማንም ሰው ለተራ ፔኒ 50,000 ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል። ገዢ አለው ማለት ግን አይደለም። የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ይጫኑ፤ ከዚያም ዓመቱን፣ ፊደሉን፣ ይዞታውንና ቀለሙን ከእርስዎ ጋር ያስተያዩ። ምርጥ ይዞታ ላይ ያለ የ1972 ደብልድ ዳይ የተሸጠበት ዋጋ ኪስ ውስጥ ሲንከራተት ለኖረው አይሠራም።

ያገኙትን ሁሉ ለምርመራ መላክ፣ ወይም ምንም አለመላክ

ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲና አናክስ የሚባሉት ድርጅቶች የሳንቲሙን እውነተኛነት አረጋግጠው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡና በፕላስቲክ ያሽጉታል። ክፍያው ከፖስታው ጋር በአሥር ቤት የሚቆጠር ዶላር ነው። 30 ዶላር ለሚያወጣ የ1995 ፔኒ ይሄን መክፈል ኪሳራ ነው። ለ1955ቱ ወይም ለ1969ኙ ግን ያለ ማረጋገጫ መሸጥ ሞኝነት ነው፤ ገዢው ተጠራጥሮ ዋጋ ይሰብራል። ሲልኩ ልዩ ዓይነቱን (ለምሳሌ «ደብልድ ዳይ» መሆኑን) እንዲጽፉልዎ በቅጹ ላይ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ካልጠየቁም ላይጻፍ ይችላል።

ለመጀመሪያው ገዢ መስጠት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የሳንቲም ነጋዴ የሚገዛው አትርፎ ለመሸጥ ስለሆነ ከገበያው ዋጋ ዝቅ ብሎ ይሰጥዎታል። ይህ ተገቢ ነው። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ግን ከነጋዴ ነጋዴ ይለያያል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ያሳዩ። «ስንት ያወጣል?» ብለው አይግቡ። «የ1972 ደብልድ ዳይ አለኝ፣ ስንት ትገዛኛለህ?» ይበሉ፤ ንግግሩ ወዲያው ይቀየራል። በኦንላይን ከሸጡ ሁለቱንም ገጽ በደንብ ፎቶ ያንሱ፣ ኢንሹራንስና መከታተያ ቁጥር ባለው ፖስታ ይላኩ። በሺዎች ለሚቆጠረው ጨረታ ቤት ይሻላል።

ሕግና አደራን መርሳት

ካሸር ከሆኑ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ፔኒ ከመቀየርዎ በፊት አለቃዎን ያስፈቅዱ። ሳንቲም በሳንቲም ቢተኩም ካሜራ ላይ የሚታየው እጅዎ ካዝናው ውስጥ መግባቱ ነው።

የመዳብ ፔኒ ሰብስቦ ማቅለጥ በአሜሪካ ክልክል ነው፤ እስከ 10,000 ዶላር ቅጣትና እስከ አምስት ዓመት እስራት ያመጣል። ወደ ውጭ ማውጣትም ገደብ አለው። ተጓዥ ይዞት መውጣት የሚችለው ፔኒና ኒክል (አምስት ሳንቲም) ተደምሮ እስከ 5 ዶላር ነው፤ ለስብስብ ወይም ለመዝናኛ መሆኑ ግልጽ ከሆነ እስከ 25 ዶላር። አዲስ አበባ ላሉ የእህት ልጆች ሳንቲም ማሳየት ከፈለጉ 25 ዶላር ማለት 2,500 ፔኒ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ግራም ያነሰ አይሆንምና ሻንጣዎን ከአሁኑ ያስቡበት።