ለበረራ ሲሙሌተር ግራፊክስ ካርድ መምረጥና ኮምፒውተሩን ማስተካከል

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ከሚሸጥበት ቤት ገብቶ ለበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒውተር ለሚያስመስል ፕሮግራም) የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራውን ክፍል፣ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ገንዘብህ የቻለውን ትልቁን ውሰድ ይባላል። ይህ ምክር ለኳስና ለመኪና ውድድር ጨዋታ ያስኬድ ይሆናል፤ ለበረራ ግን ገንዘብ ያስባክናል። ሲሙሌተሩ የአውሮፕላኑን አበራረር፣ የመሣሪያዎቹን አሠራርና የሌሎች አውሮፕላኖችን እንቅስቃሴ የሚያሰላው በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) አንድ ኮር፣ ማለትም አንድ የማስሊያ ክፍል፣ ላይ ነው። ያ ኮር ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ካርዱ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ጥማድ በደካማው በሬ እርምጃ እንደሚሄድ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ካርድ መግዛት የሚመጣው አራተኛ ላይ ነው።

1. ሲሙሌተሩን አስቀድመው ይምረጡ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 መጨረሻ የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 የዓለምን መልክዓ ምድር በአብዛኛው ከኢንተርኔት እየጎተተ ያሳያል። ኩባንያው ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 16 ጊጋባይት ራም እና በሰከንድ 10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ሲሆን፣ የሚመክረው ደግሞ 32 ጊጋባይት ራምና 50 ሜጋቢት ነው። መስመሩ በሚቆራረጥበት ሰፈር ምርጥ ካርድ ቢኖርዎትም ተራራው ደብዝዞ ቅርጹን እንዳጣ ይቀራል።

ኤክስ ፕሌን 12 በተቃራኒው መልክዓ ምድሩን አንድ ጊዜ ዲስክ ላይ ካስቀመጡት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሲጫን አካባቢ መምረጥ ስለሚቻል አፍሪካን ብቻ ማውረድ በቂ ነው። ነጻ የሙከራ እትምም አለው። ፍላይት ጊር ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይነሳል፤ ውበቱ ግን ከሁለቱ ያንሳል። ኢንተርኔቱን ለማያምን የወሎ አንባቢ የእኔ ምርጫ ኤክስ ፕሌን ነው።

2. የደከመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ውድ ካርድ ገዝተው ለውጥ የሚያጡት። በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር አጠቃላይ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው ዴቨሎፐር ሞድን ያብሩ፤ ከላይ በሚመጣው ዝርዝር የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ማሳያውን ይክፈቱ። በማዕዘን የሚወጣው ሰሌዳ እንቅፋቱ «ሜይን ትሬድ» ነው ካለ ፕሮሰሰሩ ነው የደከመው፤ «ጂፒዩ» ካለ ካርዱ ነው። በኤክስ ፕሌን ደግሞ ዳታ አውትፑት ከሚለው ገጽ የፍሬም ሬት መስመሩን ስክሪን ላይ እንዲወጣ ያድርጉ፤ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ጊዜ ለየብቻ ያሳያል። ረጅሙን ጊዜ የወሰደው እሱ ነው እንቅፋቱ።

መለኪያው ሁለት ቦታ ላይ ይሁን። አንደኛው ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ ነው። በሲሙሌተሩ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዝርዝር ኮምቦልቻን በ«ኤች ኤ ዲ ሲ»፣ ላሊበላን በ«ኤች ኤ ኤል ኤል» መለያ ያገኟቸዋል። በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ባለ ተርባይን ሞተር አውሮፕላን ይምረጡ፤ ትንንሾቹ ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች በዚህ ደጋ አየር ጉልበት ያጥራቸዋል። ደሴ በግራ፣ ሐይቅ በቀኝ ታልፋለች፤ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 4,260 ሜትር ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ይቆማል። በዚህ መንገድ ሕንጻ ጥቂት ነው፤ ሸክሙ ተራራና ደመና ነው። ሁለተኛው መለኪያ እንደ ለንደን ሂትሮው ያለ ግዙፍ ማረፊያ ላይ መቆም ነው፤ እዚያ በሕንጻውና በትራፊኩ ብዛት የሚጨነቀው ፕሮሰሰሩ ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ በወሎ ሰማይ ላይ በካርዱ፣ በሂትሮው ደግሞ በፕሮሰሰሩ ሲያዝ ያያሉ። የት መብረር እንደሚወዱ ካወቁ ገንዘቡ የት መውጣት እንዳለበትም ይታወቃል።

3. ርካሹን ጥገና ይጨርሱ

ራሙ አንድ ቁራጭ ብቻ ከሆነ ሁለት እኩል ቁራጮች ያድርጉት፤ 16 ጊጋባይት በሁለት ባለ 8 ሲሰካ በአንድ ባለ 16 ከሚሰካው ይሻላል። ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የመሠረት ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ኤክስ ኤም ፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን ያብሩ፤ ያለዚህ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ነው የሚሠራው። ሲሙሌተሩ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ ይጫን። በሃርድ ዲስክ ላይ ሲበሩ በየደቂቃው ስክሪኑ ቆም ይላል፤ ሰዎች ይህን መቆም የካርድ ጥፋት ያደርጉታል።

ፕሮሰሰር መቀየር ካስፈለገ የኮር ብዛት አያታልልዎት። እንደ ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3 ዲ ያሉት ለሲሙሌተር የሚመረጡት 96 ሜጋባይት በሚደርሰው ሰፊ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ፈጣን ሜሞሪ) ምክንያት ነው።

4. አሁን ካርዱ

ከሞኒተሩ ይጀምሩ። ሞኒተርዎ የሚያሳየው የምስል ጥራት 1080 ፒ ከሆነ ከዚያ እጅግ ለሚበልጠው ለ4 ኬ የተሠራ ካርድ መግዛት ከንቱ ነው። ቀጥሎ የሚታየው የካርዱ ሜሞሪ ነው፤ በሲሙሌተር ከሌላው ጨዋታ ሁሉ ይልቅ ወሳኙ እሱ ነው። 6 ጊጋባይት በዝቅተኛ ማስተካከያ ያስኬዳል። 8 ጊጋባይት ለ1080 ፒ የመካከለኛ ሰው ልክ ነው። 12 ጊጋባይት ደግሞ ዝርዝር ያላቸውን አውሮፕላኖች ለሚጭን ሰው እረፍት ይሰጣል። ሜሞሪው ሲሞላ ፍሬሙ ቀስ ብሎ አይወርድም፤ ድንገት ይሰበራል፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ ነው። ስለዚህ ዋጋቸው ከተቀራረበ ያገለገለ ባለ 12 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3060 ከአዲስ ባለ 8 ጊጋባይት አርቲኤክስ 4060 ለበረራ ይሻላል እላለሁ። 4060 የሚበልጠው በኤሌክትሪክ ቁጠባ ነው፤ 115 ዋት ይበላል፣ 3060 ግን 170። ከኤኤምዲ አርኤክስ 6600 በ132 ዋትና በ8 ጊጋባይት ጥሩ ምርጫ ነው።

በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው ያለው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ በየቤቱ አሉ። የእነዚህ ፓወር ሰፕላይ ትንሽ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ ቀጭኖቹ ኬዞች ደግሞ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አያስገቡም። ለእነዚህ የሚሆነው ከማዘርቦርዱ ብቻ ኃይል የሚወስድ ካርድ ነው። ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት ይሠራል፤ በአጭር ቁመትም ይገኛል። አሮጌው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም በ75 ዋት ይሠራል፤ እሱ ግን ለኤክስ ፕሌን በዝቅተኛ ማስተካከያ እንጂ ለ2024ቱ አይሆንም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኬዙን ከፍተው በሜትር ይለኩ።

ያገለገለ ካርድ ሲገዙ ሻጩ ፊት ይፈትሹት። አሮጌ ካርድ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ በ1050 ቲአይ ስም የሚሸጥበት ማጭበርበር አለ፤ ጂፒዩ ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን አብዛኛውን ያጋልጣል። ከዚያ ፈርማርክን ለ15 ደቂቃ አስሩጠው ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ድምፅና በስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መታየት አለመታየቱን ይመልከቱ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትተውት ይሂዱ።

5. የደጋው አየርና መብራቱ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የደሴ ብርድ ይህን ያካክሳል፤ የኮምቦልቻና የቆቦ ሙቀት ግን አያካክስም። ስለዚህ ሁለት ማራገቢያ ያለውን ካርድ ይምረጡ፤ ከኬዙ ፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ማራገቢያ ይኑር፤ አቧራውንም በየጊዜው ያጽዱ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 85 በመቶ ማውረድ ሙቀቱን በደንብ ይቀንሳል፤ የሚጠፋው ፍሬም ጥቂት ነው።

መብራቱ ከሄደና ከመጣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የግድ ነው። ሲገዙ በቪኤ የተጻፈውን ትተው ዋቱን ይጠይቁ፤ 650 ቪኤ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚችለው።

6. ማስተካከያው

ሁሉንም መካከለኛ ላይ አድርገው ይነሱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና ያንኑ በረራ ይድገሙ። ግባችሁ ትልቅ ቁጥር ሳይሆን የማይናወጥ ቁጥር ይሁን። 60 ሄርዝ ሞኒተር ላይ በኤንቪዲያ ወይም በኤኤምዲ መቆጣጠሪያ ፍሬሙን 30 ላይ ይገድቡት፤ 30 ላይ ጸንቶ የሚቆም በረራ በ40ና በ55 መካከል ከሚዋዥቅ እጅግ ይለሰልሳል።

በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር፣ በወሎ ሰማይ ላይ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ቴሬይን ሌቭል ኦፍ ዲቴል የሚባለው ነው፤ የሩቁ ተራራ ቅርጹን ይዞ የሚታየው በእሱ ነው። በ100 ጀምረው ፕሮሰሰሩ እስከፈቀደ ከፍ ያድርጉት። ለዚህ ቦታ የሚለቅለትን ከሌላው ይውሰዱ፦ የመሬትና የአየር ትራፊኩን ያጥፉ፣ የዲጂታል መሣሪያዎቹን የመታደስ ፍጥነት ዝቅ ያድርጉ፤ ሁለቱም ፕሮሰሰሩን ያሳርፋሉ። ካርዱን የሚከብደው ደመና ነው፤ ከአልትራ ወደ ሃይ ማውረድ ለዓይን ብዙም ሳይታወቅ ሸክሙን በደንብ ያቃልላል። ሜሞሪው ከሞላ የሚቀነሰው ቴክስቸር ሪዞሉሽን ነው።

ዲኤልኤስኤስና ኤፍኤስአር ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርተው ያሳድጋሉ፤ ይህ ማሳደግ የሚረዳው ካርዱ እንቅፋት ሲሆን ነው፤ የደከመው ፕሮሰሰሩ ከሆነ ብዙም አይጨምርም። በዲጂታል መሣሪያዎች ላይ የሚሮጡትን ቁጥሮችም ያደበዝዛሉ። ከፍታ በሚነበብበት አውሮፕላን ውስጥ እኔ ቲኤኤን (ምስሉን ሳያሳድግ ጠርዞችን ብቻ የሚያለሰልሰውን) እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የተስማማዎትን ማስተካከያ በሙሉ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የሠራልዎትን የድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ፋይልም በፍላሽ ያስቀምጡ። ሲሙሌተሩ ሲታደስ ማስተካከያዎቹ ሊለወጡ ይችላሉ፤ አዲስ ድራይቨር ከመጣ በኋላ በረራው ከተንቀራፈፈም አሮጌውን መልሶ መጫን ከመጨነቅ ያድናል።