አዳዲስ የኢንተርኔት ቃላትን ስንፈታ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢንተርኔት አዲስ ቃል በተሰማ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ወጣቱን መውቀስ ነው። ቃላቱ ግን ከወጣቱ ጠባይ ይልቅ የማኅበራዊ ሚዲያውን አሠራር ያጋልጣሉ፤ ይህን የሚጋርዱብንን ስህተቶች እንመልከት።

የመጀመሪያው ስህተት ትናንት የሰማነውን ቃል ትናንት እንደተወለደ መቁጠር ነው። የመዝገበ ቃላት አሳታሚው ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠውን «ብሬን ሮት» (የአእምሮ መበስበስ፤ ዛሬ ረብ የለሽ የኢንተርኔት ይዘት በማብዛት የሚመጣ የአእምሮ መድከም) አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1854 ጽፎታል። ሌላው የመዝገበ ቃላት አሳታሚ ካምብሪጅ በ2025 የመረጠው «ፓራሶሻል» ደግሞ፣ ተመልካች በአካል ከማያውቀው የቴሌቪዥን ሰው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ቅርበት ለመግለጽ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል በ1956 ያወጡት ቃል ነው። የሁለቱም ቃላት ዕድሜ እንደሚያሳየው፣ ስሜቱ ቀድሞም ነበረ፤ ኢንተርኔት ያደረገው የጥቂቶችን ጉዳይ የሁሉም ማድረግ ነው።

ሁለተኛው፣ የቃሉን ቅርጽ አይቶ ቋንቋ ተበላሸ ማለት ነው። በቲክቶክ ሞትን ወይም ራስን ማጥፋትን በስሙ መጥራት የቪዲዮውን ሥርጭት ያስገድባል ብለው የሰጉ ሰዎች «አንአላይቭ» (ቃል በቃል «ሕያው ያልሆነ») ማለት ጀመሩ። እኛ «አረፈ» የምንለው ለሐዘንተኛው ተጠንቅቀን ነው፤ እዚህ ግን ጥንቃቄው ለአልጎሪዝም፣ ማለትም የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ ለሚወስነው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ተናጋሪው ሰውንና ማሽንን በአንድ ጊዜ እያሰበ ቃል ይመርጣል ማለት ነው፤ ይህ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው ለውጥ ነው።

ሦስተኛው፣ የኦክስፎርድን የ2025 ምርጫ «ሬጅ ቤይት»ን (ሰውን ለማስቆጣት ሆን ተብሎ የሚጣል ማጥመጃን) ተራ ቁጣ አድርጎ መረዳት ነው። አንድ ሰው ሆን ብሎ ግልጽ ስህተት ይናገራል፤ አንዱ ተመልካች ሊያርመው ይጽፋል፤ ሌላው ለአራሚው መልስ ይሰጣል። አልጎሪዝሙ በአብዛኛው እርማትን ከሙገሳ ሳይለይ ሁሉንም ተሳትፎ ብሎ ስለሚቆጥር፣ ቪዲዮው ይበልጥ ይሰራጫል፤ ባለቤቱም ከተመልካች ብዛት የሚገኘውን ገቢ ይሰበስባል። ወጥመዱን በስሙ የሚጠሩት ሰዎች እንኳ አስተያየት ከመጻፍ አለመቆጠባቸው ያስገርማል።

የዓመቱ ቃል መባልን በብዛት ከመነገር ጋር ማምታታትም አለ፤ ኦክስፎርድ በ2015 የመረጠው ከነጭራሹ የሚነገር ቃል ሳይሆን በሳቅ የሚያነባ ኢሞጂ ነበር።

በመጨረሻም፣ የቃሉን ባለቤቶች መርሳት ስህተት ነው። «የኢንተርኔት ቃል» ከሚባሉት ብዙዎቹ ከጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር የተወሰዱ ናቸው። «ዎክ» (ቃል በቃል «የነቃ») በእነርሱ ዘንድ ለዘር በደል ነቅቶ መኖርን ያመለክት ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ከተዛመተ በኋላ ግን ብዙዎች ተቃዋሚን መዝለፊያ አድርገውታል።