ራስበሪ ፓይ ለጀማሪ፦ ሰውን ከኮድ የሚያስኮርፉ ስህተቶች

ራስበሪ ፓይ የባንክ ካርድ የሚያህል ኮምፒውተር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዟ ካምብሪጅ በ35 ዶላር ለገበያ ሲወጣ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ልጆች በርካሽ ኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ይማሩ። አሁን ቦርዱን ከሚሞሪ ካርድ፣ ከፓወር ሰፕላይ፣ ከሽቦና ከትንንሽ መብራቶች ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጥ የጀማሪ ኪት ሞልቷል። ኪቱን ገዝቶ ጥቂት ቀን ነካክቶ መሳቢያ ውስጥ የሚከተውም ሰው ጥቂት አይደለም። «እኔ ለኮድ አልተፈጠርኩም» ይላል። በእኔ እምነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈው ኮዱ አይደለም። ቻርጀሩ፣ ካርዱ ወይም አንዲት ሽቦ ናት።

ቦርዱን ሳያጣሩ መግዛት

ሁሉም «ራስበሪ ፓይ» ስለሚባል ይምታታል። በ2021 የወጣው ፒኮ ዋጋው 4 ዶላር ነበር። ግን ራሱን የቻለ ኮምፒውተር አይደለም። ከቲቪ ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ የለውም፤ ኮዱም የሚጻፈው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ካለ ጥሩ መነሻ ነው። ከሌለ ግን ልጁ ካርቶኑን ከፍቶ ምንም ሊሠራበት አይችልም። ዜሮ 2 ደብልዩ የሚባለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ ሆኖም ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ኪቦርድና ማውስ ለመሰካትም ተጨማሪ ማገናኛ ይፈልጋል።

ላፕቶፕ ለሌለው ጀማሪ እኔ የምመርጠው ፓይ 400ን ነው። ኮምፒውተሩ ኪቦርዱ ውስጥ ነው ያለው። ማውስ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሲስተም የተጫነበት ሚሞሪ ካርድና ቤት ያለው ቲቪ ይበቃዋል። ኬብሉ ግን በአንድ በኩል ማይክሮ ኤችዲኤምአይ መሆን አለበት፤ የተለመደው አይገባም። በፓይተንና በስክራች፣ ማለትም ለጀማሪ በሚመቹ የኮድ ቋንቋዎች፣ ለመጀመር 8 ጊጋባይት ራም መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በስልክ ቻርጀር ማስነሳት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፓይ 4 እና ፓይ 400 የሚፈልጉት 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። ፓይ 5 ደግሞ በ5 ቮልት 5 አምፔር ይፈልጋል። የስልኩ ፈጣን ቻርጀር 30 ወይም 60 ዋት ስለተጻፈበት ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ያን ጉልበት የሚሰጡት ቮልቱን ወደ 9 እና ከዚያ በላይ ከፍ አድርገው ነው። ፓይ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት ደግሞ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ በደቃቁ ተጽፏል። ማንበብ ያለባችሁ እሱን ነው።

ኃይል ሲያንሰው ቦርዱ ዝም ብሎ አይሞትም። ችግሩም ይኸው ነው። ይነሳል፣ ይሠራል፣ ከዚያ ማውሱ ይቆማል ወይም መሀል ላይ ራሱን ያጠፋና ይነሳል። ጀማሪው የጻፈውን ኮድ ደጋግሞ ያገላብጣል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ወይም ቮልቴጅ አነሰ የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ኮዱን ተዉት። ቻርጀሩንና ኬብሉን ቀይሩ። ቀጭንና ረጅም ኬብል ብቻውን ይህን ሊያመጣ ይችላል።

ኪቱን ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ የሚያመጣ ዘመድ ካለ ሶኬቱን አስታውሱት። የራስበሪ ፓይ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የኢትዮጵያው መብራት አይጎዳውም። መሰኪያው ግን ግድግዳችን ላይ አይገባም፤ ጥሩ አዳፕተር አብሮ ይምጣ።

ሶኬቱን ነቅሎ ማጥፋት

ፓይ ሁሉንም ነገር የሚያስቀምጠው ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ነው። እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ካርዱ ላይ ያለው ሲስተም ሊበላሽ፣ በሚቀጥለው ቀንም አልነሳም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሜኑው አጥፉት፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭታዋን እስክታቆም ጠብቁ፣ ከዚያ ንቀሉ።

መብራት ሲሄድ ግን ማን ያስጠነቅቀናል? አገር ቤት ላለ ተማሪ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። የጻፋችሁትን ኮድ በየቀኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ሲስተም የተጫነበት ሁለተኛ ካርድ በተጠንቀቅ ይኑራችሁ። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን የሲስተም ፋይል ደግሞ አታጥፉት፤ ካርዱ በተበላሸ ቁጥር ብዙ ዳታ አውጥቶ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም።

ፒኖቹን በግምት መንካት

ቦርዱ ላይ ሽቦ የሚሰካባቸው 40 ፒኖች (ትንንሽ የብረት ዘንጎች) ተሰልፈዋል። ሲግናል የሚቀበሉት ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው። 2ኛውና 4ኛው ፒን ግን 5 ቮልት ይሰጣሉ። ከእነሱ አንዲት ሽቦ ወደ ሲግናል ፒን ከነካች ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል፤ መመለሻ የለውም። ሽቦ የምታገናኙት ቦርዱ ጠፍቶ ብቻ ይሁን። በየኪቱ የማይጠፋው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው ርቀት መለኪያም የሚመልሰው ሲግናል 5 ቮልት ነው። በቀጥታ አታገናኙት፤ ቮልቱን በሁለት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ በሚገድብ ትንሽ ዕቃ) አውርዱት። ኤልኢዲም (ትንሿ መብራት) ያለ ሬዚስተር አይሰካም፤ 330 ኦም ይስማማዋል።

ሌላው የቁጥሩ ነገር ነው። ኮዱ ውስጥ 17 ብላችሁ የጻፋችሁት ጂፒአይኦ 17 የሚባለውን የሲግናል ፒን ነው። እሱ ያለው ግን ከመደዳው 11ኛው ፒን ላይ ነው። 17ኛው ላይ የሰካ ሰው 3.3 ቮልት ላይ ነው የሰካው፤ መብራቷ ኮዱ ምንም ቢል በርታ ትቀራለች። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፒንአውት የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ ካርታው ይወጣላችኋል።

ያረጀ ትምህርት መከተል

ቪዲዮው መቼ እንደወጣ ሳታዩ አትጀምሩ። እስከ 2022 ድረስ ሲስተሙ የተወሰነ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ነበረው፤ አሁን ራሳችሁ ነው የምትፈጥሩት። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ለመጫን ስትሞክሩ ሲስተሙ ይከለክላችኋል፤ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) መፍጠር ያስፈልጋል። ፓይ 5 ላይ ደግሞ የድሮዎቹ ትምህርቶች የሚጠቀሙበት አርፒአይ-ጂፒአይኦ የተባለው ላይብረሪ አይሠራም። ጂፒአይኦ ዜሮ የተባለው ላይብረሪ ግን ይሠራል፣ ለጀማሪም ይቀላል። ተማሪው ቃል በቃል ገልብጦ ሳይሠራለት ሲቀር ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ቀዩን ጽሑፍ ፈርቶ መዝጋት

ፓይተን ስህተት ሲያገኝ ረጅም ቀይ ጽሑፍ ይደረድራል። ከታች ጀምራችሁ አንብቡ። የመጨረሻዋ መስመር ምን እንደተበላሸ ትናገራለች፤ ከእሷ ከፍ ብሎ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ አለ። ፋይላችሁን ደግሞ በላይብረሪ ስም አትሰይሙት። ራንደም ብላችሁ ከሰየማችሁት ፓይተን ትክክለኛውን ራንደም ትቶ የእናንተን ይከፍታል።

አማርኛ አይቻልም ብሎ ማሰብ

ይህ በተለይ ለትንንሽ ልጆች ይጠቅማል። ፓይተን 3 ቫሪያብልን (ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚያዝበትን ስም) በግዕዝ ፊደል መሰየም ይፈቅዳል። የፓይተን የራሱ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ይቆያሉ፤ ልጁ የሚፈጥረው ስም ግን «መብራት» ወይም «ቁልፍ» ሊሆን ይችላል፣ ኮዱም ይሠራል። ለጅማሬ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብሎ የትራፊክ መብራት ይሥራ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየው የግዕዝ ፎንት ይጫንለት።